ሐያት ማዳመጫዋን ስታሞቅ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ፣ እኔ ይመር ጂኒ መጣ፣ ሙት ታየ፣ ጥላ ተከተለኝ ሲሉኝ ዕድሜዬን ሙሉ ስቄ የማልፍ ሰው ነኝ። መካነ ሰላም ገበያ ገብተህ ሬዲዮ የሚጠግነው ሽማግሌ የት ነው ብትል የማያሳይህ የለም፣ የከተማው ሬዲዮ ሁሉ አንዴም ቢሆን በእጄ ያላለፈ አይገኝም። አንድ ጊዜ ባሏ የሞተባት ሴት ሬዲዮዋን በነጠላ ጠቅልላ መጣችና፣ ጣቢያው ሲዘጋ የባሌ ትንፋሽ ይሰማኛል ብላ አለቀሰች፤ እኔም ከፍቼ አንዲት የላላች ሽቦ ነቅዬ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላትና "ይኸው ባልሽ" አልኳት። ገበያው ሁሉ ሳቀ። ወላሂ፣ ዛሬ ያችን ሴት ባገኛት እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ስል አትደነቅ፣ የወሎ ሰው ነኝ፣ እኛ ዘንድ ወላሂም በእግዚአብሔርም ከአንድ አፍ ነው የሚወጡት።

ደግሞ ማንም ያላስተማረኝ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ከአቀስታ አካባቢ ወጥቼ መካነ ሰላም ስመጣ የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበር፣ ጎረቤቴ ደግሞ የቄስ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ልጆቹ ሲጮኹ እየሰማሁ፣ ግድግዳዬን እያየሁ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለየሁት። ጋዜጣውን የለጠፈው ሰው ማንበብ ስለማይችል ግማሹን ዘቅዝቆ ነበር የለጠፈው፣ እና እኔ እስከ ዛሬ ቀጥ ያለውንም የተዘቀዘቀውንም ጽሑፍ እኩል ነው የማነበው። ፊት ለፊቴ ተቀምጠህ ደብዳቤ ብትጽፍ ከአንተ ቀድሜ እጨርሰዋለሁ። እንግሊዝኛውንም ከመድኃኒት ካርቶንና ከባትሪ ድንጋይ ላይ ነው የለቀምኩት። ይህችን ችሎታዬን አትርሳት፣ በኋላ ትመጣለች።

ልቤም እንደ ሰው ልብ አይደለም። ከልቤ በሮች አንዱ ጠቧል፣ ደሙ በዚያ ጠባብ በር ሲያልፍ ያጉረመርማል፣ ልክ ከኮረብታ ማዶ እንዳለ ወፍጮ። የከተማችን ሆስፒታል ተማሪ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ሐኪም የሚሆኑት፣ ነርስ የሚሆኑት፣ አዋላጅ የሚሆኑት ከየአገሩ እየመጡ ሞልተውታል፣ እናም አስተማሪያቸው ዶክተር ልቤን አንድ ቀን ሰማና "አባባ፣ እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ደሴም ብንሄድ አናገኝም" አለኝ። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻ ፈተና በደረሰ ቁጥር ይደወልልኛል። አልጋ ይሰጡኛል፣ መጋረጃ ይጋርዱልኛል፣ ተፈታኙ ብቻውን ገብቶ ይጠይቀኛል፣ ይነካካኛል፣ ያዳምጠኛል፣ የሰማውን በወረቀት ይሞላል፤ ከዚያ አስተማሪዎቹ ይገቡና ምን አገኘህ ይሉታል። በእኔ ልብ ያለፈ ሐኪም ዛሬ በየወረዳው አለ። ተማሪዎቹ "ፕሮፌሰር" ይሉኛል። ለቀልድ ነው የሚሉት፣ እኔ ግን አላርማቸውም።

አስተምራቸዋለሁ ስልህ እንደው ጉራ እንዳይመስልህ። ወደ ግራ ጎኔ ካላስተኛኸኝና ትንፋሼን አስወጥቼ እንድይዝ ካላደረግኸኝ ወፍጮው አይሰማህም፣ ይህን ለፈራ ተማሪ ትከሻዬን ወደ ግራ ነቅነቅ አድርጌ እጠቁመዋለሁ። በልጅነቴ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ አብጦ እንደነበረም ካልጠየቅኸኝ የልቤ በር በምን እንደጠበበ አታውቅም፤ በሽታው መጀመሪያ ጉልበት ይይዛል፣ ከዚያ ወደ ልብ ይዞራል። ይህን የጠየቀኝን ሁሉ በሹክሹክታ "አዎ" እለው ነበር። ከሁሉ በላይ ግን እጃቸውን እንዲያሞቁ ነው የምነግራቸው። የእኛን አገር ብርድ ታውቀዋለህ፣ ያንን የማዳመጫ ብረት እንደ በረዶ ደረቴ ላይ ሲያሳርፉት ነፍሴ ትዘላለች።

ይህን ነገር እንደ ሐያት የሰማኝ የለም።

ሐያት የወረኢሉ ልጅ ነበረች፣ አባቷ ሼህ ሰይድ ልጆችን ቁርኣን የሚያቀሩ፣ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አመድማ ሻሽ የምታስር፣ የሻሹ ጫፍ በካውያ የተቃጠለ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረበት። ጫማዋ ሲረጥብ ጭው ጭው ይል ነበር። እጇ ደግሞ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ። "ልጄ፣ ሬሳ ነሽ እንዴ?" ስላት ትስቅና እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ትቆም ነበር፣ ከዚያ የማዳመጫዋን ብረት ወደ አፏ አስጠግታ ሦስት ጊዜ ትተነፍስበታለች፣ ሀ… ሀ… ሀ…፣ በጉንጯ ትሞክረዋለች፣ ያኔ ነው ደረቴ ላይ የምታሳርፈው።

"ሞቀ፣ አባባ?"

"ሞቀ፣ አብሽሪ" እላት ነበር። አብሽሪ ማለት እኛ ዘንድ አይዞሽ ነው።

አምና የመጨረሻ ፈተናዋ ቀን የምትመረምረው በሽተኛ እኔ ሆንኩ። ደስ አለኝ፣ እመነኝ፣ ይህችን ልጅ ዛሬ አሳልፋታለሁ ብዬ በልቤ ምያለሁ። ችግሩ በአጠገቤ አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነበር። ደምሴ ይባላል፣ እግሩ ተሰብሮ የገባ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲፎካከረኝ የኖረ፣ እኔ አንድ ብል ሁለት የሚል። ጠዋት ተማሪዎቹ ሳይመጡ የልጅነት ጉልበታችንን ስናወራ ነበር፣ እሱ በአሥር ዓመቴ አረስኩ ሲል እኔ በሰባቴ አለማለት እንዴት ይሆንልኛል?

"በሰባትህ? ሞፈሩ ነው ያንተ ቁመት?" አለ ደምሴ።

"ጉንፋን እንኳ ይዞኝ አያውቅም። ድንጋይ ነበርኩ" አልኩ፤ በሽተኞቹ ሁሉ እያዳመጡ ነበር።

እውነቱን ላንተ ልንገርህ፣ ለተማሪ በሹክሹክታ ከምላት "አዎ" በቀር ለማንም ነግሬው አላውቅም። ከሰባት ዓመቴ እስከ ዘጠኝ ዓመቴ በእግሬ አልቆምኩም። እህቴ ዘነበች በጀርባዋ አዝላ ጠዋት ፀሐይ ላይ ታወጣኛለች፣ ከሰዓት ወደ ቤት ታስገባኛለች፣ የሰፈሩ ልጆችም "የዘነበች ስልቻ" ብለው አወጡልኝ። ዘነበች ሳታገባ ሞተች። እኔ ስቆም ከዚያ ሰፈር የወጣሁት ያንን ስም እዚያው ልጥለው ነው፣ መካነ ሰላም ላይ ያንን ስም የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

እንግዲህ ሐያት ገባች፣ መጋረጃውን ሳበች። መጋረጃ ደግሞ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ አይከልልም። ሁሉንም በደንብ ጠየቀች፣ ከዚያ ደረሰችበት።

"አባባ፣ በልጅነትዎ ጉልበትዎ፣ ቁርጭምጭሚትዎ አብጦ ተኝተው ያውቃሉ?"

ከመጋረጃው ወዲያ ደምሴ ሳሉን ሲያቆም ሰማሁት።

"እኔ?" አልኩ ጮክ ብዬ፣ "ኧረ እኔ ድንጋይ ነበርኩ።"

"እስቲ ያስታውሱ፣ አባባ" አለች ዝቅ ብላ።

"የለም አልኩሽ።"

ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ። ዓይኔን እያየች። እኔ ጣሪያውን አየሁ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ እሷም ጻፈች፣ ከተኛሁበት ተዘቅዝቆ አነበብኩት፣ በልጅነት የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የለም። ከዚያ ሦስት ጊዜ ተነፈሰች፣ ወደ ግራ አስተኛችኝ፣ አዳመጠች፣ ወፍጮውን ሰማች። መስማቷን ከፊቷ አውቄያለሁ። ግን ከጆሮዋ ይልቅ አፌን አመነች፣ ለአስተማሪዎቹ የልቡ በር ሲወለድ ጀምሮ የጠበበ ይመስለኛል አለች።

ዶክተሩ ወረቀቷን አየና "እኚህ አባት እኮ ለተማሪ ሁሉ ጉልበታቸው አብጦ እንደነበረ ይናገራሉ፣ ጠይቀሻቸዋል?" አላት።

"ጠይቄያለሁ።"

ወደ እኔ ዞረ። "አባባ ይመር፣ ይህን ጠይቃዎት ነበር?"

ወዳጄ፣ አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ደምሴ በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሎ ነበር፣ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁት። "እኔ እንጃ፣ አልሰማሁም" አልኩ።

ሐያት አየችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ አልተቆጣችም። "ምናልባት ድምፄ ቀንሶ ይሆናል" አለች። ልታድነኝ እኮ ነው።

"ካልሰሙሽ ታዲያ ይህን 'የለም' ከየት አመጣሽው?" አላት ሌላው አስተማሪ። ሳይጠይቁ መሙላት እነሱ ዘንድ ከስህተት ሁሉ የከፋው ነው፣ ስህተት አይሉትም፣ ውሸት ነው የሚሉት። ሐያት መልስ አልሰጠችም። ወደቀች። ጓደኞቿ ማለፋቸውን ሊያከብሩ ሲቀሩ እሷ ሻንጣዋን እንኳ ሳትይዝ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈረች፣ ከአቀስታ በላይ ባለው ጠመዝማዛ፣ ጉም ውስጥ፣ መኪናው ተገለበጠ። አራት ሰው ሞተ፣ አንዷ እሷ።

ለቅሶ አልሄድኩም። እኔ የማላውቀውን ሰው ለቅሶ እንኳ የማልቀር ሰው። ጉልበቴን አመመኝ አልኩ፣ ስንት ዓመት የደበቅሁትን ጉልበት ያን ቀን አወጣሁት።

ከወር በኋላ አባቷ ሻንጣዋን ሊወስዱ መጡ። እኔ መድኃኒቴን ልወስድ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ሲያጽናናቸው ሁሉንም ሰማሁ።

"ጎበዝ ልጅ ነበረች" አላቸው።

"ያልጠየቀችውን ጠይቄያለሁ ብላ ጻፈች ነው የሚሉኝ" አሉ ሼሁ፣ "ይህ እውነት ነው? እኔ መሞቷን ችያለሁ፣ የሰጠኝ ወሰደ። በውሸት መሞቷን ግን እንዴት ልቻል?"

ዶክተሩ የሚያውቀው እኔ ያልኩትን ነው። አንገቱን ደፋ። ሼሁ ሻንጣዋን በሁለት እጃቸው አቅፈው በፊቴ አለፉ፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ አላዩኝም። እኔ የመድኃኒቴን ካርቶን አነብ ነበር፣ ተዘቅዝቆ።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ሌሊት አልነበረም፣ እንዳትሳሳት፣ ቀን ስምንት ሰዓት ነው፣ ምሳዬን በልቻለሁ፣ አልጠጣሁም፣ አልተኛሁም። ክረምቱ ገብቶ ነበር። እንደ ልማዴ ለፈተና ተጠርቼ ጥግ ያለችው አልጋ ላይ ወጣሁ፣ ሲስተሯም መጋረጃውን ጋርዳልኝ "አባባ፣ ተፈታኙ ገና ነው፣ ትንሽ ይረፉ" ብላ ወደ በሩ ሄደች። አጠገቤ ያለው አልጋ ባዶ ነበር፣ አንሶላው እንኳ ተገፏል። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቆይቶ ድንገት ቆመ፣ ከዚያ ጉሙ በመስኮቱ ገባ። የእኛን ጉም ካላየኸው አታውቀውም፣ ሰተት ብሎ እንደ ሰው ነው ቤት የሚገባው፣ መጋረጃው ራሱ ደበዘዘብኝ። መብራት ደግሞ ጠፋ። ይህ ሁሉ ያለ ነገር ነው፣ ምንም አልመሰለኝም።

ጭው ጭው የሚል የረጠበ ጫማ ሰማሁ።

ተማሪው መጣ ብዬ ሸሚዜን መክፈት ጀመርኩ፣ አንገቴን ደፍቼ አንዲት ቁልፍ አልፈታ ብላኝ ስታገል፣ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት ሰማሁ፣ አንድ ሰው በግራዬ በኩል ቆመ። ከዚያ መጣ። ሀ… ሀ… ሀ…።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ለራሴ እንዲህ አልኩ፣ ይመር፣ ትንፋሽ የሁሉም ሰው ነው፣ አንተ ራስህ ለስንቱ አስተምረህ የለም? ቀና አልኩ። ነጭ ጋዋን፣ አፏና አፍንጫዋ በማስክ የተሸፈነ ሴት ተማሪ፣ ጉሙ ከወገቧ በታች አያሳያትም። ወረቀቷን በሰሌዳ ይዛለች፣ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ፊቷን ማየት ፈራሁና ሻሿን አየሁ። አመድማ ነው። ጫፉ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች።

"እንደምን ዋሉ፣ አባባ" አለች።

"ደህና" አልኩ፣ ወይም አልኩ መሰለኝ።

ስሜን አልጠየቀችም፣ ዕድሜዬን አልጠየቀችም፣ ያመመኝን አልጠየቀችም። በቀጥታ፣ "በልጅነትዎ ጉልበትዎ፣ ቁርጭምጭሚትዎ አብጦ ተኝተው ያውቃሉ?" አለች።

ትንሽ ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን በጥቂቱ ከፍ አደረገችው፣ ጆሮው ለደከመ ሽማግሌ እንደሚደረገው፣ በርኅራኄ።

"አሁን ድምፄ ይሰማል፣ አባባ?"

"ይሰማል፣ ልጄ" አልኩ፣ እንባዬ መጣ።

"ማን አዝሎዎት ነበር?"

እመነኝ፣ ይህን ለሐያትም፣ ለዶክተሩም፣ ለሟች ሚስቴም አልነገርኩም። ግን ተጠየቅሁና ተናገርኩ፣ እንደ ተበሳ ከረጢት ፈሰስኩ። አዎ አብጦ ነበር አልኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እህቴ ዘነበች ናት ያዘለችኝ፣ ስልቻ ይሉኝ ነበር፣ በሰባት ዓመቴ አላረስኩም፣ ዘነበች ልብስ ስታጥብ እንኳ ከጀርባዋ አታወርደኝም ነበር፣ አዎ፣ አዎ። ብዕሯ ሲጭር እሰማለሁ። ስጨርስ በሁለት ጣቷ ትከሻዬን ነክታ ወደ ግራ አዞረችኝ፣ ብረቱን ደረቴ ላይ አሳረፈችው።

ሞቃት ነበር። እጇም ሞቃት ነበር። የሐያት እጅ አንድም ቀን ሞቆ አያውቅም ነበር።

"ያስወጡ" አለች። አስወጣሁ። "ይያዙ።" ያዝኩ።

ከዚያ ይተንፍሱ አላለችም። ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም፣ እኔ ሃያ እስክቆጥር እንኳ ትንፋሽ መያዝ የማልችል ሰው ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን አላፈነኝም፣ መተንፈስ የሚባል ነገር የተረሳኝ ይመስል ዝም ብዬ ተኛሁ፣ እሷም ታዳምጣለች። የምትመረምር ሰው አትመስልም ነበር። ከምንጭ ውኃ እየቀዳች እንስራዋ እስኪሞላ የምትጠብቅ ሰው ነበር የምትመስለው። ብረቱን ስታነሣው ሰሌዳውን ሆዷ ላይ ደገፈችው፣ ወረቀቱ ወደ እኔ ዘንበል አለ፣ እኔም እንደ ልማዴ ተዘቅዝቆ አነበብኩት። እነዚህ ተማሪዎች የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው፣ ይህኛው በአማርኛ ነበር።

በልጅነት የመገጣጠሚያ እብጠት፣ የለም።

"ልጄ፣ እኔ እኮ አዎ አልኩሽ" አልኳት።

"የነገሩኝን ነው የጻፍኩት፣ አባባ።"

ያን ቀን ለአስተማሪዎቹ ልትመልሰው ትችል የነበረው መልስ ይህ ነበር።

"አጥፊውና ጻፊው! አሁን ነገርኩሽ አይደለም?"

"እኔማ ልብዎን ያኔም ሰምቼው ነበር" አለች፣ ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፣ ምንም የለም። ጫማዋ ጭው ጭው እያለ ራቀ። አብሽሪ ልላት አፌን ስከፍት ጉሙ ብቻ ነበር ያለው።

ወዲያው መጋረጃው ተገፈተረና አንድ የአጅባር ልጅ፣ ረጅም፣ ላብ ያጠመቀው ተፈታኝ ገባ። "አባባ ይመር፣ ይቅርታ፣ አዘገዩኝ" አለኝ።

"አሁን የወጣችው ማን ናት?"

"ማንም አልወጣም፣ አባባ። ሲስተርም በሩ ላይ ናት፣ እኔም ከበሩ ነኝ።"

ደረቴን ነካሁ። ያ ቦታ ገና ይሞቅ ነበር። ልጁ በረዶ የመሰለ ብረቱን እዚያው ላይ አሳረፈው፣ አልቆጣሁትም። ወደ ግራ አስተኛኝ፣ አዳመጠ፣ አነሣ፣ ዝቅ አደረገ፣ ከፍ አደረገ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ጥያቄውን ሲጠይቀኝ ክፍሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ "አዎ፣ አብጦ ነበር!" አልኩት። ጻፈው። የልብ ተጨማሪ ድምፅ በሚለው ላይ ግን ብዙ ቆየ፣ ከዚያ ጻፈ፣ የለም።

አስተማሪዎቹ ሳቁ። "የፕሮፌሰሩን ወፍጮ አልሰማህም?" አለው ዶክተሩ። ከዚያ ራሱ አዳመጠ። ሳቁ ቆመ። ሌላውን ጠራ፣ ያም አዳመጠ። ሦስተኛውም አዳመጠ።

"አባባ፣ መድኃኒት ቀይረዋል?"

"አልቀየርኩም።"

በማግስቱ በልብ ማያ መሣሪያ አዩኝ፣ በሩ እንደ ጠበበ ነው፣ ደሙም በዚያው ጠባብ በር እየተጋፋ ያልፋል፣ በዓይናቸው ያዩታል። ድምፁ ግን የለም። "አንዳንዴ ይጠፋል" አለኝ ዶክተሩ። "አንዳንዴ ሲሉ እስካሁን በማን አይተዋል?" ብዬ ብጠይቀው "በእርስዎ" አለኝ። የአጅባሩ ልጅ ያልሰማውን አልሰማሁም ብሎ ስለጻፈ አለፈ። እኔን ከዚያ ወዲህ ለፈተና የጠራኝ የለም፣ ድምፅ የሌለው ልብ ምን ይሠራላቸዋል?

ሦስት ቀን አሰብኩ፣ በአራተኛው ወረኢሉ ልሂድ ብዬ ተሳፈርኩ። ከአቀስታ በላይ ያችን ጠመዝማዛ ስናልፍ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ፣ ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ፣ ካለፍን በኋላ ማንም ሳይነግረው መልሶ ከፈተው። ሼህ ሰይድ ግቢያቸው ውስጥ ልጆች ሉሃቸውን፣ የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳቸውን፣ ጭናቸው ላይ አድርገው ቁርኣን ሲቀሩ አገኘኋቸው፣ አራት የመስጊድ ሰዎችም አብረዋቸው ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

"እርስዎ ነዎት እንዴ እጅሽን አሙቂ የሚሏት ሽማግሌ? እዚህ ስትመጣ እኮ እኔ ላይ ነበር የምትለማመደው፣ ያቺን ብረት ሀ ሀ እያለች። በሉ ቅረቡ፣ መርሐባ፣ ቤትዎ ነው።"

ምግብ ቀረበ። እሳቸው በእጃቸው ቆርሰው አጎረሱኝ። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ ይባላል። ልጄ ያን ቀን ያልጠየቀችውን ነው የጻፈችው?"

አራቱ ሰዎች ቀና አሉ። ይህን ልናገር ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። አፌን ከፈትኩ።

"አላስታውስም" አልኩ።

ሁልጊዜ ለራሴ ደምሴን ፈርቼ ነው እል ነበር። ወረኢሉ ላይ ደምሴ አልነበረም።

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አብሽር" አሉኝ፣ ሊያጽናኑኝ፣ እኔን። ዱዓ አደረጉልኝ፣ ደግሞ እስከ መናኸሪያ ድረስ እጄን ይዘው ሸኙኝ። እጃቸው እንደ ልጃቸው ቀዝቃዛ ነው።

እና ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። በአፌ ያልወጣው በእጄ ይውጣ ብዬ ነው፣ በራሴ በተማርኩት ፊደል። ወረኢሉ ያለህ፣ ይህን ያነበብህ፣ ሼሁ ዓይናቸው ደክሟልና ቀስ ብለህ አንብብላቸው። ልጅዎ ጠይቃለች በላቸው። ሦስት ጊዜ ጠይቃለች፣ ድምፅዋም አልቀነሰም፣ የተነገራትን ነው የጻፈችው። የዋሸው ሰው እጅዎ ያጎረሰው ነው፣ የዘነበች ስልቻ ይባላል።

ዛሬም ጂኒ አለ አልልህም፣ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን አንድ ነገር አለ። ተማሪዎቹ የጣሉትን አሮጌ ማዳመጫ ራሴ ጠግኜ ቤቴ አስቀምጫለሁ፣ ከሰዓት ጉሙ ሲገባ በግራ ጎኔ እተኛለሁ፣ ትንፋሼን አስወጥቼ እይዛለሁ፣ ወፍጮዬን እፈልጋለሁ። ወፍጮው የለም። ዝም ካልኩ ግን ከጀርባዬ፣ በጣም ቅርብ፣ ሦስት ጊዜ ይሰማል፣ አንድ ሰው ብረት ሲያሞቅ። "ሞቋል፣ አብሽሪ፣ ነይ" እላለሁ። ከዚያ ብረቱ እስኪነካኝ እጠብቃለሁ።

እስካሁን አልነካኝም።